በርበሬ ማዘጋጀት፣ ቋንጣ መስቀል፦ ልፋቱ ዋጋ አለው?



ባለፈው ጥር የቤት ለቤት ጸሎት ተራው የእኛ ነበር። ወገኖች ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ መጀመሪያ የተቀበላቸው የበርበሬ ሽታ ነው። በረንዳው ላይ ድልዙ ተሰጥቷል፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ኮረሪማ በሰፌድ ተቀምጧል። ገና "ጌታ ይባርካችሁ" ሳንባባል ማስነጠስ ተጀመረ። ያን ቀን ከዘመርነው ይልቅ ያስነጠስነው ሳይበልጥ አይቀርም።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት ወጣት እህት ወደ ኋላ ቀረት አለች። ባንክ ትሠራለች፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። በረንዳውን እያየች እንዲህ አለችን፦ "ፓስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ አለው? እኔ ከሱፐርማርኬት በኪሎ ነው የምገዛው። አማቴ በመጡ ቁጥር 'የገበያ በርበሬ የሚበላበት ቤት' ይሉኛል። ቅዳሜ ልጀምር እልና አቅም አጣለሁ። ኃጢአት የሠራሁ ያህል ይሰማኛል።"

ቸኩለን መመለስ አልፈለግንም። "እንጸልይበትና እንነግርሻለን" አልናት። ይህ ጽሑፍ መልሳችን ነው፤ ሌሎችም እንዲያነቡት እሷው ፈቅዳለች።

መጀመሪያ ልፋቱን እንቁጠረው

ዛላ በርበሬውን ከሾላ ገበያ እናመጣለን። የማረቆ ነው የአላባ ነው እየተባለ ይመረጣል። የሻገተውና የጠቆረው ተለቅሞ ይጣላል። ጭራው ይቀነጠሳል፣ ፍሬው ይራገፋል፤ በዚህ ብቻ ከተከፈለበት ኪሎ ላይ ደህና አድርጎ ይቀንሳል። በፀሐይ ደርቆ ይሸከሸካል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። ታፍኖ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱና ድንብላሉ ለየብቻ ይታመሳል። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይያዛል። ግቢ የነበራቸው እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ፀሐዩ የራሳቸው ነበር። እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ግን በጠባብ በረንዳ ላይ ከፀሐዩ ጋር እንባረራለን፤ ሲበዛብን ደግሞ ለነዋሪው ሁሉ የተሠራችውን ኮሙናል እናስፈቅዳለን።

በርበሬው ሲያልቅ ሽሮው አለ። ክኩ፣ ቅመሙ፣ ማመሱ፣ አሁንም ወፍጮው። ቅቤውን ማንጠር አለ። በዓል ካለፈ ደግሞ የተረፈውን ሥጋ ዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቶ ገመድ ላይ መስቀል አለ።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ ሁሉ ጥበብ በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ እርጥበትን ማስወጣት። ሻጋታም ሆነ ምግብን የሚያበላሽ ተሕዋስ ያለ እርጥበት አይራባም። ቅቤ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ቅሪት ይለያል፤ ቋንጣውን ጨውና ነፋስ ያደርቁታል። አያቶቻችን ፍሪጅ ሳያውቁ ይህን ያውቁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሕዝብ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው በሶና ድርቆሽ የመሰለ ደረቅ ስንቅ ተሸክሞ ነው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሲዘጉና ወንድሞች ሲታሰሩ ደግሞ፣ እናቶች ወደ እስር ቤት ይዘውት የሚሄዱት የማይበላሸውን ነበር። እኛ ያኔ ልጆች ነን፤ ዳቦ ቆሎው በጨርቅ ሲቋጠር አይተናል። አንዲት ፍሬ ለመቅመስ እጃችንን ስንሰድ "ይሄ የታሰሩት ነው" ተብለን ተመትተናል።

ገንዘቡስ? እውነቱን እንናገር። የመጓጓዣውን፣ የወፍጮውን፣ የቅመሙን፣ ከሁሉም በላይ የጠፋውን ቀን ስንደምር ብዙ አተረፍን ማለት አንችልም። ዋጋው ሳይወደድ በወቅቱ የገዛ ሰው ጥቂት ይቆጥባል፤ ጊዜውን የሚሸጥ ሠራተኛ ግን ምናልባት ይከስራል።

"ንጽሕናውስ?" የሚል ይኖራል። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና በከተማችን ስንሰማ ኖረናል፤ ስለዚህ የምንበላውን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤት የተሠራ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን አንመካ። በደንብ ባልደረቀ በርበሬና እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበትን ይጎዳል፤ ወጡ ቢንተከተክም አይጠፋም። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ በተደረገ ምርመራ በአንዳንዱ ተገኝቷል። ስለዚህ የሻገተውን "ቅመም ይሸፍነዋል" ብሎ መፍጨት የእናት እጅ ያለበት በርበሬ አያሰኘውም።

እንግዲህ በገንዘብ ብቻ ብንመዝነው መልሳችን "ያን ያህልም" ይሆን ነበር። እኛን ግን ሌላ ሚዛን ላይ ያወጣን ነገር አለ። ለመናገር ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም እንናገረዋለን።

የ2012 ዓ.ም. ጓዳችን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታስታውሳላችሁ። ጉባኤ ቆመ፤ መጨባበጥ ቀረ፤ ሱቅ የቻለ ሁሉ ገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ። እኛም ገባን። ሽሮ ከወትሮው እጥፍ አስፈጨን። ቅቤ በባልዲ ገዝተን አነጠርን። ሥጋ ገዝተን ቋንጣ ሰቀልን። ጓዳችን ሞልቶ አልጋ ሥር ሁሉ ጄሪካን ገባ።

በዚያው ሳምንት በስልክ እየቀረጽን ለምእመናን የምንልከው ስብከት ጌታ እረኛችን ስለሆነ አንፍራ የሚል ነበር። ስብከቱ እውነት ነው። ሰባኪዎቹ ግን ቀረጻውን ጨርሰን ጄሪካን እንቆጥር ነበር።

ለዓመታት በየጥሩ እየመጣች በርበሬ የምትቀነጥስልን፣ ሽሮ የምታስፈጭልን አንዲት እህት ነበረች። የአጥቢያችን አባል ናት። ወደ ጎሮ በኩል አንድ ክፍል ተከራይታ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ገቢዋ ከቤት ቤት እየዞረች በቀን ሥራ የምታገኘው ነው። ያን ጊዜ "ለጊዜው አትምጪ፤ በሽታው ይለፍ" አልናት። ሌሎችም ቤቶች እንዲሁ አሏት። ደወልንላት፣ ጸለይንላት። ስንት ቀን ያለ ሥራ እንደተቀመጠች ግን አልጠየቅናትም።

ሐምሌ ላይ ትልቁን የሽሮ ጄሪካን ከፈትነው። ሽታው ቀድሞ ነገረን። ተጓጉሏል፤ ሻግቷል፤ ነቀዝ ወጥቶበታል። ክረምቱ ቋንጣውንም አልማረውም። የልጆቻችን እናት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሽሮ ነበር ያስለቀሳት ብንል እውነት አንናገርም። ሁለታችንም ያቺን እህት አስበናት ነበር፤ ስሟን ግን ማናችንም አልጠራንም።

በማግሥቱ የተረፈንን ይዘን ሄድን። በሩን ስናንኳኳ ደነገጠች፤ ከዚያ ተደሰተች። ልጆቹ ከስተዋል። ትልቋ ልጅ፣ ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ በልጅነት ግልጽነቷ እንዲህ አለችን፦ "እማዬ በፋሲካ ሰሞን ቤታችሁ ድረስ መጥታ ነበር እኮ። ታች ቆማ ቆማ ተመለሰች። በሽታ አመጣችብን እንዳትሏት ፈርታ።" እናትየው ልጅቷን በዓይኗ ገሠጸቻት። እኛ የምንገባበት ጠፋን።

ከዚያ ሳንበላ አትሄዱም አለችን። ምን ይኖራታል ብለን ስንጨነቅ ከአልጋው ሥር ከረጢት አወጣች፤ ድርቆሽ ነው። ልብስ ካጠበችባቸው ቤቶች የተረፈ እንጀራ ሲሰጧት በፀሐይ እያደረቀች አስቀምጣለች። በሽንኩርትና በትንሽ በርበሬ ፈርፍራ አቀረበችልን። አብረን በላን። ኤልያስን የመገበችውን የሰራፕታዋን መበለት (1ኛ ነገሥት 17) ስንቴ ሰብከናል! ያን ቀን ግን መበለቲቱ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ነበር።

ስለ ሽሮው ስንነግራት ሳቀች። "ፓስተር፣ ከወፍጮ እንደመጣ ትኩሱን ነዋ ያፈናችሁት! በሰፌድ ዘርግቶ ማብረድ ነበር። ምነው ብትጠሩኝ፤ እኔ ብኖር እኮ አይበላሽም ነበር።"

ስለ ሽሮ ነው የተናገረችው፤ ሌላ ምንም ማለቷ አልነበረም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከሰማናቸው ስብከቶች ሁሉ ይልቅ ይህ ቃሏ ይከተለናል።

ያው መና ነበር

ወደ ቤት ተመልሰን ዘጸአት 16ን ከፈትን። የመናውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እስከ ነገ እንዳያስተርፉ ታዝዘው አንዳንዶች አስቀመጡ፤ ተላና ሸተተ። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ለሰንበት እንዲያስቀምጡ በታዘዙበት ቀን ያስቀመጡት አልተላም፣ አልሸተተም። መናው ያው ነው፣ ማሰሮውም ያው ነው። ልዩነቱ አንደኛው የተቀመጠው እግዚአብሔር ነገ አይሰጥ ይሆናል ተብሎ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቃሉ ተቀምጦ ሰው ያረፈበት መሆኑ ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ማስቀመጥን አይነቅፍም። ጉንዳንን ያመሰግናል (ምሳሌ 6)። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን እህል አከማችቷል (ዘፍጥረት 41)፤ ራብ ሲመጣ ግን ጎተራዎቹን ሁሉ ከፈተ። ጌታችንም ብዙ ሺህ ሕዝብ ከመገበ በኋላ፣ ከጥቂት እንጀራ ብዙ ማድረግ የሚችለው እርሱ፣ ቁርስራሹ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐንስ 6፥12)። ድርቆሽ የምታደርቅ እናት ይህን ሥራ እየሠራች ነው።

በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋም ጥፋቱ ጎተራ መሥራቱ አይመስለንም። ታሪኩን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰውየው የሚነጋገረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ሚስት አትጠቀስም፣ ጎረቤት የለም፣ ያን ሁሉ እህል ያጨደለት ሠራተኛ እንኳ አይነሣም። ለብዙ ዓመት የሚሆን እህል አለው፤ አብሮት የሚበላ ሰው ግን አላሰበም። የእኛ የ2012 ጓዳ ይህን ይመስል ነበር።

አሁን እንዴት እናደርጋለን

በዚያ ዓመት ሁሉን እንተወው ብለን ነበር። ያቺ እህት ናት እንዳንተወው ያደረገችን። አሁን በየጥሩ አራት ቤት ሆነን እንሠራለን። ለእርሷ ከሥራው በፊት ደመወዟን እንነጋገራለን፤ መሪያችንም እርሷ ናት። የሻገተ ዛላ ስታይ ምሕረት የላትም። ከወፍጮ የመጣው እስኪበርድ ማንም ክዳን እንዳይነካ ታዝዛለች። ፓስተር ብሎ ነገር የለም፤ የልጆቻችን አባትም ጭራ ይቀነጥሳል፣ በበርበሬ እጁ ዓይኑን አሽቶ ይሣቅበታል።

የምናዘጋጀው እስከሚመጣው ጥር የሚበቃውን ብቻ ነው። ገና ሳይታሸግ አንድ ድርሻ ለዲያቆናቱ ይለያል፤ እነርሱ ለአራስ፣ ለታመመ፣ ሥራ ለፈታ ቤት ያደርሱታል። አንድ ድርሻ ደግሞ ውጭ አገር ላለው ልጃችን ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ ፊት ቆማችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ሻንጣው ከ23 ኪሎ ሲያልፍ የሚወጣው ልብሱ ነው፤ በርበሬና ሽሮው አይወጣም። ሰው በርበሬ በማይጠፋበት አገር ለሚኖር ልጁ ለምን ይህን ያህል ይሸከማል? እዚያ ያለው ልጅ ድስቱን ሲጥድ የእናቱን ቤት እንዲሸት ነው። ይህ በኪሎ ዋጋ አይመዘንም።

በእነዚያ የሥራ ቀናት የሚሆነውንም እንናገር። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። በቢሮአችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያልነገሩንን ነገር እህቶች ዛላ እየቀነጠሱ ነግረውናል። አንዲቱ የትዳሯን ሐዘን የተናገረችው አንገቷን ደፍታ ፍሬ ስታራግፍ ነው። እንባዋ ከበርበሬው ይሁን ከልቧ ማንም አልጠየቃትም፤ አጠገቧ ያለችው ዝም ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት። በዚያ ሙቀጫ ዙሪያ ተጸልዮ መልስ የተገኘበት ጉዳይ አለ።

ለእህታችን

እህታችን፣ ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። በርበሬ መግዛት ኃጢአት አይደለም። ማርታን ጌታ የገሠጻት በማዘጋጀቷ ሳይሆን በብዙ ነገር በመታወኳ ነው (ሉቃስ 10)። የአንቺ ቅዳሜ በንዴትና በድካም የሚያልፍ ከሆነ፣ ልጆችሽ የሚያስታውሱት በርበሬውን ሳይሆን ጩኸቱን ነው። ያን ጊዜ ንጽሕናውን ከምታውቂው ሰው ግዢ፤ እንዲያውም ይህን ሥራ መተዳደሪያዋ ያደረገች ጎረቤት ብትፈልጊ ገንዘብሽ እንጀራ ይሆናታል።

ነገር ግን አንድ ነገር እንድትሞክሪ እንለምንሻለን። አማትሽን በሚመጣው ጥር "እማማ፣ እኔ አልችልበትም፤ ያስተምሩኝ" በያቸው። ሁለት ኪሎ ብቻ ይሁን። ምናልባት እርሳቸው ሲቆጡ የሚፈልጉት በርበሬ ላይሆን ይችላል። ያደጉበት ጥበብ ተቀባይ አጥቶ አብሯቸው እንዳይቀበር ፈርተው ሊሆን ይችላል። ምናልባትም የሚፈልጉት ከአንቺ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ እንዴት ብለው እንደሚጠይቁ አያውቁበትም ይሆናል።

እናንተም አንባቢዎቻችን፣ ጓዳችሁን ስታዩ ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ያስቀመጥነው ፈርተን ነው ወይስ አመስግነን? ከዚህ ውስጥ የማን ድርሻ አለበት? መልሱ የእናንተን ቤት ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ፣ በር ላይ ቆሞ የተመለሰ ሰው ይኖር ይሆናልና ቶሎ ውጡና እዩ። የሌላ ሰው ድርሻ ያለበት ጄሪካን ከሆነ ግን ልፋቱ አልባከነም፤ ጣቱ ቢቃጠል፣ ወገቡ ቢታመም፣ በረንዳው ለሳምንት ቢያዝ ዋጋ አለው።

በመጨረሻ፣ ጌታን ገና ለምትፈልጉ ወዳጆቻችን አንድ ቃል አለን። በጣም በደንብ የደረቀ ቋንጣ እንኳ ቀን ቆጥሮ ይበላሻል፤ እኛም እንዲሁ ነን። ጌታ ኢየሱስ ለሚጠፋ መብል ብቻ እንዳንደክም፣ ለዘላለም ሕይወት የሚሆነውን መብል እርሱ ራሱ እንደሚሰጠን ተናግሯል (ዮሐንስ 6፥27)። ይህን መብል ማንም አድርቆ አላቆየውም፣ በገንዘብም አልገዛውም፤ በነጻ ይሰጣል። እኛ ባዶ እጃችንን ተቀብለነዋል። እናንተም ዛሬ ለምኑት፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚመለስ የለም።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስለ ዕለት እንጀራችን እናመሰግንሃለን። ፈርተን ያከማቸንበትን ጊዜ ይቅር በለን። ጓዳችንን ባርክ፤ በሩንም ክፈተው። ደጃችን ቆሞ የተመለሰውን ሰው አሳየን፤ ዛሬ ሄደን እንድናንኳኳም ብርታት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።